የአንድ ወንበር ብልጫ
ስለ ዋንድስዎርዝ የከተማ ምክር ቤትና ስለ ምርጫው

ስለ እንግሊዝ አገር መንግሥት በክፍል ውስጥ ስንማር ዘወትር የሚነገረን ስለ ዘውዱ፣ ስለ ፓርላማውና ስለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ነገር ግን የቤቱን ጥራጊ የሚያስነሣው፣ የሰፈሩን ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው፣ አቅም ለሌለው ሰው ቤት የሚያከራየውና የውስጥ ለውስጥ መንገዱን የሚያስጠግነው ፓርላማው አይደለም። ይህን ሁሉ የሚሠራው በየከተማውና በየክፍለ ከተማው ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊው ከደጁ ወጥቶ የመጀመሪያውን እርምጃ ሲራመድ የሚያገኘው የዚህን ምክር ቤት ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት ያሰብሁት እንደዚህ ያለው ምክር ቤት እንዴት እንደሚመረጥና በውስጡ ያለው ሥልጣን ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያልፍ ነው። ነገሩን በጠቅላላው ከመናገር አንድ ቦታ ይዞ መመርመር ይሻላልና፣ ለምሳሌ የወሰድሁት በለንደን ከተማ የሚገኘውን ዋንድስዎርዝ የተባለውን ክፍለ ከተማ ነው። ዋንድስዎርዝን የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። በዚያ ቦታ በአንድ ወንበር ብልጫ ብቻ የተጠበቀ ሥልጣን ለብዙ ዓመታት ጸንቷል፤ በድምፅ ብዛት የበለጠው ፓርቲ ተሸንፏል፤ 44 ዓመት የቆየ አስተዳደርም በአንድ ቀን ምርጫ በሰላም ተለውጧል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ዋንድስዎርዝ ከቴምዝ ወንዝ በስተደቡብ ዳርቻ ይገኛል። ስሙን ያገኘው ዋንድል ከተባለው፣ ወደ ቴምዝ ከሚገባው ትንሽ ወንዝ ነው። በውስጡ ባተርሲ፣ ፐትኒ፣ ቱቲንግ፣ ባላም፣ ሮሃምፕተን የተባሉ ሰፈሮች አሉ። የለንደንን ሥዕል ያየ ሰው አራት ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች ያሉትን ትልቅ የባተርሲ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሕንፃ ሳያይ አይቀርም፤ እርሱም የሚገኘው በዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ዛሬ ግን መብራት ማመንጨቱ ቀርቶ ሱቅ፣ ቢሮና መኖሪያ ቤት ሆኗል።

ክፍለ ከተማው አሁን ባለው ቅርጽ የተቋቋመው በ1965 ነው። በ1963 በወጣው ሕግ መሠረት ለንደን በ32 ክፍላተ ከተማ ስትከፈል፣ የቀድሞው ባተርሲ ከቀድሞው ዋንድስዎርዝ አብዛኛው ክፍል ጋር ተቀላቀለ። ባተርሲ የፋብሪካና የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ስለ ነበረ ድምፁ ከጥንት ጀምሮ ወደ ሠራተኞች ወገን ያዘነብል ነበር። በፐትኒ በኩል ደግሞ የተሻለ ኑሮ ያላቸው ሰዎች ይበዙ ነበር። ሁለቱ በአንድ ምክር ቤት ሥር ሲሆኑ ማን ያሸንፍ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ የማይቻልበት ምርጫ ተፈጠረ።

ከመቀላቀሉ በፊት የነበረውን የባተርሲ ምክር ቤት በተመለከተ ሳልጠቅሰው ማለፍ የማልፈልገው አንድ ታሪክ አለ። በ1913 ምክር ቤቱ ጆን አርቸር የተባለውን ሰው ከንቲባ አድርጎ መረጠ። አርቸር በሊቨርፑል ከተማ የተወለደ፣ አባቱ ከባርቤዶስ ደሴት፣ እናቱ ከአየርላንድ የመጡ ጥቁር ሰው ነበር። በለንደን ጥቁር ሰው ከንቲባ ሲሆን የመጀመሪያው እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ ከንቲባውን የሚመርጡት የምክር ቤቱ አባሎች ነበሩና ድምፁ ሲቆጠር 40 ለ39 ሆነ። ከአርባዎቹ አንዱ ሐሳቡን ለውጦ ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈም ነበር። የአንድ ድምፅ ነገር በዚህ አካባቢ የቆየ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ምርጫው አሠራር ልለፍ። ክፍለ ከተማው ዋርድ በሚባሉ የምርጫ ሰፈሮች ይከፈላል። ዋርድ ማለት በስፋቱ በእኛ አገር ወረዳ ወይም ቀበሌ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነው። በዋንድስዎርዝ ከእያንዳንዱ ሰፈር እንደ ሕዝቡ ብዛት ሁለት ወይም ሦስት አባሎች ይመረጣሉ። ሦስት አባል በሚመረጥበት ሰፈር መራጩ እስከ ሦስት ሰዎች ድረስ ምልክት ሊያደርግ ይችላል። ከዚያም ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ሦስቱ ያልፋሉ። ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት ግዴታ አይደለም፤ ከተከታዩ ተወዳዳሪ በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃል። ሁለት ተወዳዳሪዎች ለመጨረሻው ወንበር ትክክል ድምፅ ቢያገኙ ሕጉ የሚያዘው ዕጣ እንዲጣልባቸው ነው።

ምርጫው የሚደረገው በግንቦት ወር መጀመሪያ ገደማ፣ ሐሙስ ቀን ነው። ምርጫ ጣቢያዎቹ እኛ ከጧቱ አንድ ሰዓት ከምንለው ጊዜ ጀምሮ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ድረስ ክፍት ናቸው። መራጩ ወደ ተጋረደው ቦታ ገብቶ በእርሳስ ምልክቱን ያደርግና ወረቀቱን አጥፎ በሣጥን ይከታል። ሣጥኖቹ ተሰብስበው ወረቀቱ በእጅ ይቆጠራል። በቆጠራው ጊዜ የየፓርቲው ወኪሎች ቆመው ይመለከታሉ። ከ1974 ወዲህ በለንደን የክፍላተ ከተማው ወንበሮች ሁሉ በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ለምርጫ ይቀርባሉ።

አብዛኛውን ወንበር ያገኘው ፓርቲ ከአባሎቹ መካከል የምክር ቤቱን መሪ ያስመርጣል። ሥራውን የሚመራውም ይህ ሰው ነው። በዋንድስዎርዝ ከንቲባ የሚባለው ደግሞ የሹመት ሐብል በአንገቱ አጥልቆ ስብሰባውን የሚመራና በክብር በዓላት የሚገኝ ሰው ነው። ስለዚህ በከንቲባውና በምክር ቤቱ መሪ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ይገባል።

ከዚህ በላይ የገለጽሁት አሠራር አንድ አስገራሚ ጠባይ አለው። ይህንም በትምህርት ቤታችን ምሳሌ ላስረዳ። የተማሪዎች ማኅበር ምርጫ ተደርጎ ሦስት ክፍሎች፣ ሀ፣ ለ እና ሐ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ተወካይ ይመርጣሉ እንበል። በየክፍሉ 40 ተማሪዎች አሉ። ሁለት ቡድኖች ይወዳደራሉ፤ አንዱን አረንጓዴ፣ ሌላውን ቢጫ ብለን እንጥራቸው። በሀ ክፍል አረንጓዴው 36፣ ቢጫው 4 ድምፅ አገኘ። በለ ክፍል አረንጓዴው 18፣ ቢጫው 22 አገኘ። በሐ ክፍልም እንዲሁ 18 ለ22 ሆነ። ድምፁን ስንደምር አረንጓዴው 72፣ ቢጫው 48 አለው። ሆኖም ሁለት ተወካይ ያገኘው ቢጫው ነው። አረንጓዴው በሀ ክፍል ያከማቸው ትርፍ ድምፅ በለና በሐ ክፍል ሊረዳው አልቻለም። እንግዲህ በዚህ ዓይነት ምርጫ ድምፁ ስንት ነው ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ድምፁ የት ነው ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል።

ወደ ዋንድስዎርዝ እንመለስ። የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው ክፍለ ከተማው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በ1964 ሲሆን ያሸነፈውም የሌበር፣ ማለትም የሠራተኛው ፓርቲ ነበር። በ1968 ሥልጣኑን የወግ አጥባቂው ፓርቲ ወሰደ። በ1971 እንደ ገና ወደ ሌበር ተመለሰ። በ1978 ደግሞ ወግ አጥባቂዎቹ አሸነፉ። በእነዚያ 14 ዓመታት ውስጥ ሥልጣኑ እንደ ኳስ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲመላለስ ያየ ሰው፣ በ1978 ያሸነፉትም ከአንድ ሁለት ምርጫ በላይ አይቆዩም ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም። ግን እንዲህ አልሆነም።

አዲሶቹ ገዦች የማዘጋጃ ቤቱን የኪራይ ቤቶች ለተከራዮቹና ለሌሎችም መሸጥ ጀመሩ። ጥራጊ ማንሣትንና መንገድ መጥረግን የመሰሉትን ሥራዎች ለግል ድርጅቶች በኮንትራት ሰጡ። ከሁሉ በላይ ግን ነዋሪው ለምክር ቤቱ የሚከፍለው ግብር ዝቅተኛ እንዲሆን ተጣጣሩ። ደጋፊዎቻቸው «የሕዝብ ገንዘብ ከብክነት ዳነ፤ ተከራይ የነበረው የቤት ባለቤት ሆነ» አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ «የተሸጠው ቤት ለነገ ድኻ አይገኝም፤ የሠራተኛውም እንጀራ ተነካ» ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ክርክሮች እስከ ዛሬ ድረስ ይሰማሉ። እኔ በዚህ ላይ ፍርድ ልሰጥ አልተነሣሁም፤ ማሳየት የምፈልገው የምክር ቤት ምርጫ እንዲህ ያለውን ከባድ ጉዳይ የሚወስን መሆኑን ነው። አንድ ቤተሰብ ቤቱን ገዝቶ ይኖራል ወይስ ተከራይቶ ይኖራል፣ ጠራጊው ደመወዙን ከማን ይቀበላል የሚለው ነገር ሁሉ ከዚያች ከታጠፈች ወረቀት ጋር የተያያዘ ነው።

በ1986 የተደረገው ምርጫ ለዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው ነው። በዚያን ጊዜ ወንበሮቹ 61 ነበሩ። ቆጠራው ሲያልቅ ወግ አጥባቂዎቹ 31፣ ሌበር 30 ወንበር አገኙ። አንዲት ወንበር ብቻ! ይህች ወንበር ወደ ሌላው ወገን ብታልፍ ኖሮ ከላይ የገለጽሁት የቤት ሽያጭና የኮንትራት አሠራር መንገዱ በተለወጠ ነበር። በአንድ ወንበር ብልጫ ማስተዳደርም ቀላል አይደለም። አንድ አባል ቢታመም ወይም ከፓርቲው ጋር ቢጣላ ብልጫው ወዲያውኑ ይጠፋል። ስለዚህ አባሎቹ ሁሉ ስብሰባ ሳይቀሩ መገኘት አለባቸው።

ከአራት ዓመት በኋላ የሆነው ነገር ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። በ1990 የጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር መንግሥት በእንግሊዝ አገር አዲስ ግብር አወጣ። ግብሩ ቀድሞ እንደ ነበረው በቤቱ ዋጋ መጠን የሚከፈል መሆኑ ቀርቶ በነፍስ ወከፍ ሆነ። ለአንዳንድ ድኾች ቅናሽ ቢደረግም፣ በጠቅላላው ባለ ትልቁ ቤት ሀብታምና በጠባብ ቤት የሚኖረው ሠራተኛ እኩል ይከፍሉ ነበር። ሕዝቡ እጅግ ተቈጣ። መጋቢት 31 ቀን 1990 በለንደን ትራፋልጋር አደባባይ የተደረገው ሰልፍ ወደ ሁከት ተለወጠ። ከአምስት ሳምንት በኋላ የምክር ቤቶች ምርጫ ሲደርስ የታቸር ፓርቲ በብዙ ቦታ ወንበር አጣ። በዋንድስዎርዝ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ወግ አጥባቂዎቹ 48፣ ሌበር 13 ወንበር አገኙ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? የግብሩን መጠን የሚወስነው እያንዳንዱ ምክር ቤት ነበር። በእንግሊዝ አገር አማካዩ ለአንድ ሰው ከ350 ፓውንድ በላይ ሲሆን ዋንድስዎርዝ የጠየቀው 148 ፓውንድ ብቻ ነበር። ተቃዋሚዎች የማዕከላዊው መንግሥት ድጎማ አድልቶለታል ብለው ከሰሱ። መራጩ ግን በእጁ የያዘውን የግብር ወረቀት ተመልክቶ ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት መንግሥት ለእያንዳንዱ ከፋይ 140 ፓውንድ ሲቀንስ የዋንድስዎርዝ ግብር ጭራሹን ዜሮ ሆነ። ታቸር በኅዳር 1990 ከሥልጣን ወረዱ፤ የነፍስ ወከፉ ግብርም በ1993 ቀርቶ በምትኩ ካውንስል ታክስ የተባለው የመኖሪያ ቤት ግብር መጣ። በዋንድስዎርዝ ግን ዝቅተኛ ግብር የአስተዳደሩ መታወቂያ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ወግ አጥባቂዎቹ በተከታታይ አሸነፉ። በ2006 ከ60 ወንበሮች 51ዱን ያዙ፤ ለሌበር የቀረው 9 ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ የሌበር ተወዳዳሪ መሆን ተስፋ የሌለው ሥራ ሳይመስል አልቀረም። ነገር ግን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ቁጥሩ በየምርጫው ይለወጥ ጀመር። በ2010 ወንበሮቹ 47 ለ13፣ በ2014 41 ለ19፣ በ2018 33 ለ26 ሆኑ፤ በ2018 አንዱን ወንበር የያዘው የግል ተወዳዳሪ ነበር።

የለውጡ ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ባተርሲና ቱቲንግ በኪራይ ቤት የሚኖሩ ወጣት ሠራተኞች የሚበዙባቸው ሰፈሮች ሆነዋል፤ የቤት ኪራይም ተወድዷል። ደግሞም በ2016 እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ አትውጣ ተብሎ ሕዝብ ሲጠየቅ ከዋንድስዎርዝ ድምፅ ሰጪ 75 በመቶው አትውጣ ብሎ ነበር፤ የወግ አጥባቂው ፓርቲ መንግሥት ግን አገሪቱን ከኅብረቱ አወጣ። የፓርላማውም ምርጫ ይህንኑ አሳየ፤ ቱቲንግ ከ1974 ጀምሮ የሌበር ነበረ፤ ባተርሲ በ2017፣ ፐትኒም በ2019 ወደ ሌበር አለፉ።

አስቀድሜ የሰጠሁት የሦስቱ ክፍሎች ምሳሌ በእውነት የታየው በ2018 ነው። በዚያ ዓመት በክፍለ ከተማው ውስጥ የተሰጠው ድምፅ ተደምሮ ሲታይ ሌበር በጥቂት ይበልጥ ነበር። ነገር ግን የሌበር ድምፅ በአንዳንድ ሰፈሮች በብዛት ስለ ተከማቸ፣ በየሰፈሩ ሲቆጠር ወንበሩ የበዛው ለወግ አጥባቂዎቹ ሆነ። ሌበሮች ቅር ቢላቸውም የተቃዋሚነት ወንበራቸውን ይዘው ተቀመጡ፤ የሚቀጥለውንም አራት ዓመት በየቤቱ ደጅ እያንኳኩ አሳለፉ።

ግንቦት 5 ቀን 2022 የሚቀጥለው ምርጫ ደረሰ። የሰፈሮቹ ወሰን እንደ ገና ተከልሎ 22 ሰፈሮችና 58 ወንበሮች ሆነው ነበር። ውጤቱም ሌበር 35፣ ወግ አጥባቂዎች 22፣ የግል ተወዳዳሪ 1 ሆነ። ከ1978 ጀምሮ የቆየው የወግ አጥባቂዎች አስተዳደር በ44 ዓመቱ አበቃ። በዚያው ቀን ዌስትሚንስተር የተባለው ክፍለ ከተማ ከተቋቋመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሌበር ተያዘ። በዚያን ወቅት የኑሮ ውድነቱና በወረርሽኙ ጊዜ በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ተደረጉ የተባሉት ግብዣዎች ሕዝቡን አስቈጥተውት ነበር። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር ወደ አንድ ወገን አልነፈሰም፤ በዚያው ቀን ሃሮው የተባለውን የለንደን ክፍለ ከተማ ወግ አጥባቂዎቹ ከሌበር ወስደዋል። ይህም የአካባቢ ምርጫ የአገሩን ጠቅላላ ስሜት ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ጉዳይ ጭምር የሚያንጸባርቅ መሆኑን ያስረዳል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ርክክቡ ነው። በእንግሊዝ ሕግ አዲሶቹ አባሎች ሥራቸውን የሚይዙት ምርጫው በተደረገ በአራተኛው ቀን ነው። ሐሙስ የተመረጠ ሰው ሰኞ የምክር ቤት አባል ይሆናል። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች የፓርቲ ሹመኞች ስላልሆኑ ከሥራቸው አይነሡም፤ ዓርብ ለቀድሞው አስተዳደር ይታዘዝ የነበረው የመንገድ መሐንዲስ በሚቀጥለው ሳምንት ለአዲሱ ይታዘዛል። የተሸነፈውም ፓርቲ ከአዳራሹ አይባረርም። ወደ ተቃዋሚው ወንበር ተዛውሮ የአሸናፊውን ሥራ እየተከታተለ ይተቻል፤ ሒሳብም ይጠይቃል። አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ፤ ሌበር በ2022 ለምርጫ ሲወዳደር ዝቅተኛውን ግብር እንደማይለውጥ ለመራጩ ቃል ገብቶ ነበር። ተሸናፊው ወገን ለ44 ዓመት የሠራው ሥራ ሕዝብ የወደደው ክፍል ስለ ነበረው፣ አሸናፊው ሊያፈርሰው አልደፈረም። ስለዚህ ፓርቲ ቢለወጥም ሕዝብ የተስማማበት ነገር ከፓርቲ በላይ ሆኖ ይኖራል።

ከመጨረሴ በፊት ዘመዶቻቸው በለንደን ለሚኖሩ አንባብያን አንድ ነገር ላሳስብ። በእንግሊዝ የምክር ቤት ምርጫ ድምፅ መስጠት የሚችሉት የአገሩ ዜጎች ብቻ አይደሉም። እንደ ኬንያና ናይጄሪያ ያሉት የኮመንዌልዝ አገሮች ዜጎች በሕጋዊ መንገድ የሚኖሩ ከሆነ መምረጥ ይችላሉ። ኢትዮጵያ ግን የዚያ ማኅበር አባል ስላልሆነች ኢትዮጵያዊው የእንግሊዝን ዜግነት ካልወሰደ ግብሩን እየከፈለ ድምፅ ሳይሰጥ ይኖራል። ዜግነቱን ወስደው መብቱ ያላቸው ሰዎች እንግዲህ በከንቱ ሊያሳልፉት አይገባም።

ሆኖም መብቱ ያለው ሰው ሁሉ አይጠቀምበትም። በ2022 በለንደን ከተመዘገቡት መራጮች ውስጥ ድምፃቸውን የሰጡት ከግማሽ በታች ነበሩ። ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ያለው ልዩነት በጥቂት ድምፅ በሚወሰንበት ሰፈር፣ በቤቱ የቀረው ሕዝብ ከአሸናፊውም ከተሸናፊውም ድምፅ ይበዛል ማለት ነው። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል?» የሚለው ቃል በእኛም ክፍል ውስጥ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ከወላጆቻችንም መካከል የሚሉት አይጠፉም። ለዚህ መልስ የሚሆነው የዋንድስዎርዝ ታሪክ ይመስለኛል። 40 ለ39፣ 31 ለ30 የተባሉት ቁጥሮች የተገኙት እንደ እኛ ባሉ ሰዎች ውሳኔ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። የከተማ አስተዳደርም እንደዚሁ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚከብደው ሸክም በየሰፈሩ ብዙ ሰዎች ትንሽ ትንሽ ሲይዙት ይቀልላል።

በዚህ ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ክፍል የምንማር ተማሪዎች አብዛኞቻችን የአገራችን ሕግ ለመራጭነት የሚጠይቀውን 18 ዓመት ሞልተናል፤ ወይም ልንሞላ ነው። ስለ ፓርላማና ስለ ታላላቅ መሪዎች መማራችን መልካም ነው። ነገር ግን ቆሻሻውን ማን ያነሣል፣ ግብሩን ማን ይወስናል፣ ቤቱን ማን ያከራያል ብሎ የማይጠይቅ ሰው ስለ ትልቁ መንግሥት ቢያውቅ ዕውቀቱ ጎደሎ ነው። መጠየቁን ከሰፈራችን እንጀምር።